በሰባት የሚያልቀው ፉርጎ

የጋለ ሐዲድ ላይ ውሃ ሲደፋ የሚወጣ ሽታ አለ። ዝገትም ነው፣ ናፍጣም ነው፣ አቧራም ነው። ለሌላ ሰው ምኑም አይደለም። እኔን ግን ባለፈው ጥቅምት አዋሽ ላይ በቆምኩበት አደረቀኝ።

ከሰመራ የመጣነው ልጄን ሐያትን ልሸኛት ነበር። ድሬዳዋ ሥራ አግኝታለች። አዋሽ ወርደን የድሬ ሚኒባስ ስንፈልግ ረዳቱ፣ "ሰው እስኪሞላ ትንሽ ትቆያላችሁ" አለን። ሐያት ዝም ብላ መቀመጥ አታውቅም።

"እማ፣ ያደግሽበትን ባቡር ጣቢያ አሳዪኝ እስኪ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ዓይኔ ግን ከደከመ ዓመት አልፎታል። አጠገቤ የቆመ ሰው እንኳ ከጭስ ማዶ እንዳለ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ሱቄ ውስጥ ሳሙናውንም ሻማውንም በእጄ ዳብሼ ነው የምሰጠው። ይሄን ለሐያት አልነገርኳትም። ከነገርኳት ትቀራለቻ! አውቃታለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ተንከራታ ያገኘችውን ሥራ ትታ እኔን ስትመራ ልትኖር ነው። እሱን ነው የፈራሁት። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ እጇን ይዤ፣ "ስለምትናፍቂኝ ነው" እያልኩ መጣሁ። ገዋኔን ስናልፍ፣ "እማ፣ ያ ነጭ ግመል አያምርም?" አለችኝ። "በጣም እንጂ!" አልኩ። ግመሉን አላየሁትም።

አሮጌው ጣቢያ ባቡር ካየ ብዙ ዓመቱ ነው። አዲሱ ባቡር በሌላ በኩል ነው የሚያልፈው። የድንጋዩ ቤት ግን አለ፤ በረንዳውም አለ። ዘበኛው በረንዳውን ውሃ ሲረጭ ቆይቶ ከባልዲው የተረፈውን ሐዲዱ ላይ ደፋው። ሽታው መጣ። ከሽታው ጋር አባ ዑመር መጡ።

*

ያን ዓመት ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ፋጡማ ከወሎ መጥታ አዋሽ የቀረች ሴት ናት፤ ለባቡር ተሳፋሪ የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። አባቴ ጥጥ እርሻ ላይ ነው፤ በወር አንዴ ነው የምናየው። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሥራዬ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት መጠቅለል፣ ከዚያም እናቴን ተከትሎ መሮጥ ነበር።

የጣቢያው ሥራ በደወል ነው። ደወል ስል እውነተኛ ደወል እንዳይመስላችሁ፤ ኒም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ ሐዲድ ነው። ባቡሩ ከእኛ በፊት ያለውን ጣቢያ ለቀቀ የሚል ስልክ ሲመጣ አባ ዑመር በብረት ይመቱታል። ያኔ ሴቶቹ ሁሉ እንቁላል ይጥዳሉ። እንቁላሉ ሲበስል ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲጮህ ይሰማል። ተላልጦ፣ ቅርጫት ገብቶ፣ ቅርጫቱ ራስ ላይ ሲወጣ ባቡሩ ይቆማል። አንድም ቀን አልተዛነፈም። እኔ ታዲያ ባቡሩ የእኛ እንቁላል እስኪበስል ሆን ብሎ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

አባ ዑመር ሐዲድ ያዞራሉ፣ ፉርጎ ይቆጥራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ነበሩ። ድሬዳዋ ተወልደው በልጅነታቸው ነው ባቡር ላይ የገቡት። ፈረንሳዮቹ አለቆች ዘንድ ያደጉ ስለሆኑ ደስ ሲላቸው "ቦን!" ይላሉ፤ ሲናደዱ ደግሞ ልናገረው የማልችለውን ይላሉ። ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔና ተምር አይጠፋም። ተምሩ ላይ ሁሌም ጠመኔ አለበት።

"ድሮ" ይሉኛል፣ "ባቡር በማታ አይሄድም ነበር። ሰዉ ሁሉ እዚህ አዋሽ ወርዶ ያድር ነበር። ሚኒስትሩም፣ ነጋዴውም፣ ሙሽራውም!"

"ባቡሩስ?"

"እሱም ያድራል። ውሃ ይጠጣል፣ ይተኛል።"

ያንን ትልቅ የውሃ ጋን ያሳዩኛል፤ ከድንጋይ ማማ ላይ የተቀመጠውን። ባቡር በእንፋሎት ሲሄድ ውሃ ይሞላበት የነበረ ነው። እኔ ግን ባቡሩ እንደ ግመል አንዴ ጠጥቶ ብዙ ቀን የሚሄድ መሰለኝ። እንደ ግመል የሚመስለኝ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። አባ ዑመር ፉርጎዎቹን ይደባብሷቸው ነበር። ባቡር ሲቆም በጎኑ ይሄዱና መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ያሻሹታል። ለማዳ እንዲሆን የሚያባብሉት ነበር የሚመስለኝ። አንዳንዶቹ ፉርጎዎች ቁጥራቸው በብረት ላይ አብጦ የተሠራ እንደሆነና ጣታቸው እያነበበ እንደነበረ በየት በኩል ልወቀው?

የበጋው መጀመሪያ ላይ ነው፣ አንድ ከሰዓት ጠሩኝ።

"አንቺ ድንቢጥ፣ ነይ ወዲህ። ቁጥር ታውቂያለሽ?"

"እስከ ሃያ።"

"በአፍሽ ነው ወይስ በዓይንሽ?"

አልገባኝም። ጠመኔ አውጥተው መሬቱ ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ጻፉልኝ። ትልልቅ አድርገው ነው የጻፉት፤ ክንድ ክንድ ያክላል። ዜሮን እንቁላል ነው አሉኝ፤ እሱን ወዲያው ያዝኩት። በሳምንት ሁሉንም ለየሁ። ከዚያ በኋላ ባቡር በመጣ ቁጥር እጄን ይይዙና በፉርጎዎቹ ጎን እንሄዳለን።

"ይሄስ?"

"ሁለት፣ ስምንት፣ አራት።"

"ቦን! ይሄስ?"

"አምስት፣ እንቁላል፣ አንድ።"

"ቦን!" ተምር ትወጣለች።

በልቤ ኩራቴ ሌላ ነበር። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች በአንድ አስተማሪ ስልሳ ሆነው ይማራሉ፤ እኔ ብቻዬን አንድ አስተማሪ፣ ያውም ተምር ያለው! ሥራ እየሠራሁ እንደነበረ አላወቅኩም። ሥራው እንዲህ ነበር። የጣቢያው ሹም ጋሽ በላቸው አዋሽ ላይ ተፈትቶ የሚቀረውን ፉርጎ ቁጥር በስልክ ይቀበላሉ። ጮክ ብለው እየደጋገሙ ነው የሚቀበሉት። አባ ዑመር መስኮቱ ስር ቆመው ይሰሙና በቃላቸው ይይዛሉ። ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብለው ኪሳቸው ይከቱታል፤ አንድም ቀን ሲገልጡት አላየሁም። ቁጥሩን እኔ ስጠራው "ቦን" ይሉና ፉርጎው ላይ በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት ያደርጋሉ። ሠራተኞቹ ምልክት ያለበትን ፈትተው ያስቀራሉ።

እናቴ ታውቅ ነበር መሰለኝ። አንድ ቀን እንቁላል ስትልጥ፣ "አባ ዑመርን ደህና አድርገሽ ያዢ" አለችኝ። "እሳቸው ናቸው እኔን የሚይዙኝ" አልኳት። "እሺ" አለች።

*

ሚያዝያ ላይ ነው ጉዱ የመጣው።

ያን ቀን የሚቀረው ፉርጎ ዱቄት የጫነ ነበር፤ የከተማው ዳቦ ቤት ሲጠብቀው የከረመ። አባ ዑመር ቁጥሩን ነገሩኝ፤ መጨረሻው ሰባት ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ፉርጎዎች ተከታትለው ቆመዋል። የመጀመሪያው ፉርጎ ቁጥር ከፊት ሁለቱ ይነበባል፣ የመጨረሻው ግን ዝጎ ጠፍቷል። ቀለም ብቻ ስለሆነ ጣታቸውም አልረዳቸውም።

"የመጨረሻው ስንት ነው?"

አይታይም ማለት ነበረብኝ። ግን አስተማሪዬ ፊት አላውቅም ማለት አፈርኩ። ደግሞም አሰብኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ የምታስበውን ያህል። ከተማችን አዋሽ ሰባት ነው የሚባለው። እዚህ የሚቀር ፉርጎ በሰባት ካላለቀ በምን ሊያልቅ ነው?

"ሰባት" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወላሂ!"

"ቦን።" ጠመኔውን አሳረፉበት። ተምርም ሰጡኝ። በልቻታለሁ።

ባቡሩ ዱቄታችንን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኛ ጋ የቀረው ጨው ነበር። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ በሦስተኛውም ቀን ዳቦ የለም። ፉርጎው ስንጥቅ ነበረውና ጨው እየተንጠባጠበ ሐዲዱ ላይ ወረደ። የአፋሮቹ ፍየሎች ይሄን እንዴት እንደሰሙ እንጃ፣ ከየት ከየቱ መጥተው ከበቡት። ይልሳሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዷ ከሥሩ ገብታ አልወጣም አለች። ባለቤታቸው ሽማግሌው አፋር በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመው፣ "ባቡር ስንት ዘመን በመሬታችን ሲያልፍ ለፍየል አስቦ አያውቅም ነበር። ዛሬ አሰበ!" አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪው ብቻ አልሳቀም።

"አባ ዑመር፣ ከጨው ዳቦ ይጋገራል እንዴ?" ብሎ ጮኸባቸው።

"ለአንተ ቢጋገር ነው የሚሻል፣ ዳቦህ ጨው የለውም" አሉት። ግን ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ በላቸው ቢሮ አስጠሯቸው። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ፣ እሳቸው ሁሌ በሚቆሙበት።

"አባ ዑመር፣ ሰው ዓይንዎ ደክሟል ይላል። እኔ አላምንም ብዬ ቆይቻለሁ።"

"ዓይኔ ደህና ነው።"

"እንግዲያው ነገ ባቡሩ ሲገባ እዚህ በረንዳ ላይ ቆመው አምስት ፉርጎ ያነቡልኛል። ካነበቡ ነገሩ እዚህ ያልቃል። ካላነበቡ ግን ድሬዳዋ ላሉት የባቡር አለቆች መጻፍ አለብኝ። ፉርጎ የሚፈታ ሰው የማያይ ከሆነ አንድ ቀን ሰው ይገድላል።"

"ጡረታዬ እኮ ለሰኔ ነው፣ ጋሽ በላቸው። ሁለት ወር! አሁን ካስወጡኝ ሙሉውን አላገኝም።"

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ በላቸው። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። "ስለማውቅ ነው በጽሑፍ ሳይሆን በአፌ የምነግርዎ።"

አባ ዑመር ወጡ። በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ፍየሎቹ አዩ፤ ማለቴ ፊታቸውን ወደ ፍየሎቹ ድምፅ አዞሩ። ያኔ ገባኝ። ሁሉም ነገር፣ ፉርጎውን መደባበሳቸው፣ ክንድ የሚያክለው ቁጥር፣ እጄን መያዛቸው፣ በአንድ ጊዜ ገባኝ። አስተማሪ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ ዓይናቸው። ዓይን ደግሞ ዋሽቷል።

እያለቀስኩ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

"ሰባቱን ከየት አመጣሽው?" አለችኝ።

"አዋሽ ሰባት ስለሆነ።"

እናቴ የያዘችውን እንቁላል አስቀመጠች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ቁጭ አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ወደ ባዶው ቅርጫት አየች።

"ነገ ቅርጫቱን አንቺ ነሽ የምትይዢው" አለችኝ።

"እኔ? ልሸጥ?"

"ትጮሂያለሽ። ፉርጎው ላይ አራት ካየሽ፣ 'ትኩስ እንቁላል፣ አራት ቀረኝ!' በይ። ሁለት ካየሽ ሁለት ቀረኝ። ገባሽ?"

"ዜሮስ?"

"አለቀ በይ።"

"እሺ።"

"የማይታይ ቁጥር ካለስ?" አለች፣ ጆሮዬን ይዛ።

"ሰባት?"

"ዝም! ካላየሽ ዝም በይ። ደግመሽ በይው።"

"ካላየሁ ዝም።"

*

በማግስቱ ደወሉ ሲመታ ቅርጫቱን አነሳሁ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ጮኸ፤ ገባ፤ ቆመ። መስኮቱ ሁሉ በሰው ራስ ተሞላ። ጋሽ በላቸው በረንዳው ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ቆሙ። አባ ዑመር አጠገባቸው፣ ቀጥ ብለው፣ ጢማቸውን አበጥረው። ጋሽ በላቸው ፉርጎውን እንጂ እኔን ያያሉ ብዬ አልጠበቅኩም። እናቴ ምስጢሩን ለአባ ዑመር ነግራቸው ይሁን አይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"የመጀመሪያው" አሉ ጋሽ በላቸው።

ከፉርጎው ሥር ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። "ትኩስ እንቁላል! ሦስት ቀረኝ! ኧረ አንድ ቀረኝ! እንቁላል ስድስት ቀረኝ!"

አባ ዑመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሦስት፣ አንድ፣ ስድስት።"

"ሁለተኛው።"

"እንቁላል በጨው! ሁለት ቀረኝ! አለቀ! ዘጠኝ ቀረኝ!"

ከመስኮት አንዱ ወጣት፣ "ይቺ ልጅ እንቁላሏ ስትሸጥ ነው እንዴ የሚበዛው?" አለ።

"ዶሮዋ ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጣ ይሆናላ!" አለው ሌላው። ፉርጎው ሙሉ ሳቀ።

"ሁለት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ" አሉ አባ ዑመር።

ሦስተኛውም አለፈ፣ አራተኛውም። አንዲት ወፍራም ሴት ከመስኮት እጇን ዘርግታ፣ "ነይ እንጂ ልጄ፣ ስንጠራሽ ወዴት ነው የምትሮጪው? እንቁላል ነው የያዝሽው ወይስ ቴሌግራም?" አለችኝ። ሩጫዬን ቀጠልኩ።

አምስተኛው ፉርጎ ጋ ደረስኩ። "አምስት ቀረኝ! አምስት!" ብዬ ሁለቱን ጠራሁ። ሦስተኛው ቁጥር የለም። ዝገት ብቻ ነው፣ ቡናማ፣ እንደ ደረቀ ቁስል። አፌ ውስጥ ሰባት መጣ። ወላሂ፣ ምላሴ ላይ ነበር። ከሩቅ እናቴ ጆሮዋን ይዛ ታየችኝ፤ የራሷን ጆሮ።

ዝም አልኩ።

ጋሽ በላቸው ጠበቁ። አባ ዑመር ጠበቁ። ከዚያ አባ ዑመር እጃቸውን ወደ ፉርጎው ዘረጉና ቆጣ ብለው፣ "አምስት፣ አምስት፤ የመጨረሻው ዝጓል። ይሄ እንዴት ይነበባል? ለድሬዳዋ የምትጽፉት ካለ ቀለም ይላኩ ብላችሁ ጻፉ!" አሉ።

ጋሽ በላቸው ከበረንዳው ወረዱ። እስከ ፉርጎው ድረስ ሄደው አዩት። ዝገቱን በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። ከዚያ ወደኔ ዞረው ጎንበስ አሉና ቅርጫቴ ውስጥ ተመለከቱ። ቅርጫቱ ውስጥ አንድም እንቁላል አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።

"ስንት ቀረሽ?" አሉኝ።

"አለቀ" አልኩ።

ብዙ አዩኝ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ጥሩ ገበያ ነው የዋልሽው" አሉ። ወደ እናቴ ዞረው ደግሞ፣ "ፋጡማ፣ ይቺ ልጅ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትግባ። ቁጥር ላይ ጎበዝ ትሆናለች፣ ድምፅም አላት።" ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ለድሬዳዋ የቀለም ጥያቄ ጻፉ። ሌላ ምንም አልጻፉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ባቡር በገባ ቁጥር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይወጡና ከእኔና ከአባ ዑመር ኋላ ኋላ ይሄዳሉ። አንድ ቁጥር ስጠራ እሳቸውም ያዩታል። ፀሐይ ለመሞቅ ነው የምወጣው ይሉ ነበር። በአዋሽ ፀሐይ!

ሰኔ መጨረሻ ላይ አባ ዑመር ጡረታቸውን ሙሉ ይዘው ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። በራሳቸው ባቡር፣ በመስኮት በኩል ተቀምጠው። የተረፈቻቸውን ጠመኔ ለእኔ ሰጡኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሰዉ ሁሉ እጁን አውለበለበ። እኔ እጅ ማውለብለብ ለእሳቸው እንደማይጠቅም አውቅ ነበር፤ በሐዲዱ ጎን እየሮጥኩ፣ "ትኩስ እንቁላል! ትኩስ እንቁላል!" አልኩ። አባ ዑመር ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው ልክ ወደኔ ዞሩ።

"ስንት ቀረሽ?" ብለው ጮኹ።

"አለቀ!"

"ቦን!" አሉ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ወጣ።

*

ይሄን ሁሉ ለሐያት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ስትስቅ ቆየች። ከዚያ ተነስታ እጄን ይዛ ከጎን ወዳለው ሐዲድ ወሰደችኝ። ያረጀ ፉርጎ ቆሟል፤ እኔ የማየው ቡናማ ጥላ ነው።

"እንዲህ ዓይነቱ ነው?" አለችኝ።

"ራሱ ነው።"

"ቁጥሩ ስንት ይላል ታዲያ? እስኪ አንብቢልኝ፣ የአባ ዑመር ተማሪ።"

ሚኒባሱ ከመንገዱ ጥሩምባ ይነፋል። ትንሽ ነው የቀረው፤ ሳታውቅብኝ ትሄድልኛለች። ሦስት ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጉረመረምኩና፣ "በሰባት ያልቃል" አልኩ።

ሐያት እጄን ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ መዳፌን አንስታ ብረቱ ላይ አሳረፈችው። የጋለ ነው፣ ሻካራ ነው። ዝገቱ በጣቶቼ ሥር ተፈረፈረ።

"እማ" አለች ቀስ ብላ፣ "ምንም ቁጥር የለም እኮ። ግመሉም ነጭ አልነበረም። ጥቁር ነበር።"

ረዳቱ እየሮጠ መጣ። "አንቺ የድሬዋ፣ ሞልቷል፣ ነይ ግቢ! አንድ ሰው ነው ያላችሁኝ አይደል?"

"ሁለት" አለችው ሐያት።

"አንድ ነበር የተባለው!"

"ሁለት ነን አልኩህ። ድሬም የዓይን ሐኪም አለ፣ ሁለታችንም ነን የምንሄደው።"

"ሐያትዬ" አልኩ፣ "ሱቁስ? ልብስ እንኳ አልያዝኩም፣ እኔ እኮ..."

"እማ" አለችኝ፣ የራሷን ጆሮ ይዛ፤ ፊቴ ድረስ ተጠግታ ስለነበረች አየኋት። "ካላየሽ ምን በይ ነበር ያለችሽ እናትሽ?"

ዝም አልኩ። እጄን ይዛ ወደ ሚኒባሱ መራችኝ።